የግራው ዓይን ተራ

ያን ቀን ጠዋት አባቴ እንደ ወትሮው ከሁላችንም ቀድሞ ተነሣ። ውሃ አሙቆ ተላጨ፤ የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት በቁልፉ ጠመዘዘ፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ወለወለ። እናቴ ጸጉሬን ጎንጉና ስትጨርስ ሻይ ቀዳችና የእሱን ብርጭቆ በስተቀኙ አኖረችለት። ዳቦ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ክርኑ ብርጭቆውን ገፋው። ሻዩ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ሄዶ ሄዶ ጉልበቴ ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። እናቴ ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው፤ ሌላ ሻይ ቀዳች፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ግን ፊት ለፊቱ ነው ያኖረችው።

በዚያ ሰሞን አባቴ ከብዙ ነገር ጋር ይጋጭ ነበር፤ ከበሩ መቃን ጋር፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጋር፣ አንዳንዴም ከእኔው ጋር። ሲጋጭ «ይቅርታ እመቤቴ» ብሎ ለመቃኑ እጅ ይነሣል። እኔን ለማሳቅ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። ልፋቱ ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ጮክ ብዬ እስቅለታለሁ።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ መደብር ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ነበረችው። ቀጠሮ አያሳልፍምና ሰፈሩ «ደቂቃ» ይለዋል። ሥራ ላይ ሲሆን የክር ማጠንጠኛ የምታህል ጥቁር ማጉያ ቀኝ ዓይኑ ላይ ይሰካል፤ ግራውን ጨፍኖ ይጎነበሳል። ማጉያዋን ሲያወልቅ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ክብ ትቀራለች። ያቺን ክብ ማታ በጣቴ እየዞርኩባት ነበር ያደግሁት ማለት ይቻላል።

የዚያን ቀን ዕረፍቱ ነበርና ሻዩን እንደጨረሰ እጄን ይዞ ወደ አሮጌ ዕቃ ሻጩ ወሰደኝ። ሻጩን ሰው ሁሉ «አይጠፌ» ይለዋል፤ ከሱቁ የሚጠፋ ነገር የለምና። አንድ እግሯ የጎደለ ወንበር፣ ክዳን የሌለው ጀበና፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶ ሳይቀር አለ። አባቴ እየዳበሰ በዕቃው መሀል ገባና ከአንድ የብረት አልጋ ጀርባ ረጅም ነገር ጎትቶ አወጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአየር ጠብመንጃ ነው» አለ አይጠፌ። «ባሩድ የለው፣ ጭስ የለው። አፈሙዙን አጥፈህ ወደ ታች ስትስበው ውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቃል። ቃታውን ስትስብ ሞላው ይፈናጠርና አየሩ ጥይቷን ይገፋታል። ከአንተም ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል።»

እንጨቱ ጠቁሯል። ብረቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በእጅ ብዛት ተፍቆ አልቋል። አባቴ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ቃታውን ሳበው። ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው «እፍ» አለ፤ ሌላ ምንም።

«እንደተሳበ ነው የመጣልኝ» አለ አይጠፌ፣ ትንሽ አፍሮ። «ባለቤቶቹ ስበው ከአልጋ ሥር ረስተውት፤ ስንት ዓመት እንደዚያ እንደቆየ እነሱም አያውቁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሞቷል።»

«ሞላው ነው የሞተው» አለ አባቴ። ደስ ያለው ይመስል ነበር። «ሞላ ሲሠራ ውሎ አይሞትም። ተወጥሮ ሲቆይ ነው የሚሞተው። ያረፈ ሞላ ግን ዕድሜ ልኩን አዲስ ነው።»

«ስብከቱን ለቤትህ አቆየውና፣ ለማን ነው?»

አባቴ እጁን አናቴ ላይ አደረገ። «ለዚች» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠብመንጃውን በኮቱ ጠቅልሎ የአፈሙዙን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ ሰደፉን ያዘ። አልጋ እንደሚያጓጉዙ ሰዎች እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን ሄድን። ሰው በተጨናነቀበት መንገድ ላይ መሪው እኔ ነበርኩ፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። መሪው በእርግጥም እኔ እንደነበርኩ ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችን። «ሴት ልጅ ጠብመንጃ ምን ታድርግበት? መጥረጊያ ብትገዛላት አንድ ነገር ነው።»

«መጥረጊያ አለን» አለ አባቴ።

የሞተውን ሞላ አውጥቶ ጣለው። ጋራዥ ከሚሠራ ወዳጁ አዲስ ሞላ በልኩ አስቆርጦ አመጣ። አየሩን የምታፍነውን ቆዳ ከአሮጌ ቀበቶው ቆርጦ በዘይት ነከራት። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲገጣጥመው አጠገቡ ተቀምጬ «ብሎኗ ገባች?» ሲለኝ «ገባች»፣ «ጥርሷ ተያያዘ?» ሲለኝ «ተያያዘ» እላለሁ። በጣቱ ጫፍ የብናኝ ያህል ጥርስ የሚለይ ሰው ብሎን መግባቷን ለምን እንደሚጠይቀኝ አላሰብኩም። ሙያ እያስተማረኝ መስሎኝ ነበር።

ሕጉን ግን አስተማረኝ። «ከሳብሽ ተኩሺ፤ የማትተኩሺ ከሆነ አትሳቢ። ጠብመንጃ ተስቦ አያድርም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በይ እንግዲህ ዳኛዬ፣ ክዳኑን ስቀዪ።»

ጓሯችን ጠባብ ነበር። በአንደኛው ጥግ አሸዋ የሞላ ጆንያ ግድግዳውን አስደግፎ አቆመ፤ በፊቱ የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳን በሽቦ ሰቀልኩ። እሱ ከገንዳው አጠገብ ይቆማል። እኔ ከጎኑ ትንሽ ወደ ኋላ ሆኜ ዳኝነቴን እይዛለሁ። ዳሩን የመታ ያንሳል፤ መሀሉን የመታ ይበልጣል፤ ጆንያውን የመታ ባዶ ነው። በተኮሰ ቁጥር ክዳኑን ሳያይ እኔን ይጠይቀኛል፤ «የት መታ?»

መጀመሪያ በቀኙ ነበር የሚተኩሰው። ሰደፉን ቀኝ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ጊዜ ያነጣጥራል። ቷ! አሸዋው ይቦንናል።

«የት መታ?»

«ጆንያውን።»

«ጆንያው ወፈረ ማለት ነው» ይላል፤ እስቃለሁ። እንደገና ይተኩሳል። ጆንያውን። እንደገና። አንድ ጊዜ ጆንያውንም ስቶ የእናቴን የልብስ ገመድ ደግፎ የያዘውን እንጨት መታ። ከዚያ ጠብመንጃውን ወደ ግራ ትከሻው አዛወረ፤ ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ።

ቷ! ክዳኑ ጮኸ።

«የት መታ?»

«መሀሉን! አባባ፣ ድፍን መሀሉን!»

ጠብመንጃውን ዝቅ አድርጎ እንደዚያ ሲተነፍስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ነው የሚመስለው። «አየሽ? ግራው አንበሳ ነው» አለኝ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፦ አባቴ ዓለም የማያውቀው ተኳሽ ነው። እኔን ለማሳቅ በቀኙ እየሳተ ይጫወታል፤ በመጨረሻ ማንነቱን በግራው ያሳየኛል። ትምህርት ቤትም ይህንኑ አወራሁ። «የእኔ አባት በግራው ነው የሚተኩሰው» ስል የመምህሯ ልጅ «የእኔ አባት በግራው ነው የሚበላው» አለችና ተጣላን።

እውነቱ የሚከተለው ነው። የአባቴ ቀኝ ዓይን፣ የማጉያው ዓይን፣ እየጠፋ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ማጉያው ነው የጨረሰው ብሎ አመነ፤ የሙያ ጓደኞቹም «የሠራ ዓይን ያልቃል» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ግራው ግን ዕድሜውን ሙሉ ከጠረጴዛው ላይ ተጨፍኖ የኖረ ነው። አርፏል። ያረፈ ሞላ ዕድሜ ልኩን አዲስ ነው። ጠብመንጃውን የገዛው ለእኔ አልነበረም። ግራ ዓይኑን ለሥራ የሚያሠለጥንበት፣ ደህና መሆኑንም በየሳምንቱ የሚያረጋግጥበት ነበር። ሰዓት ሠሪ ያለ ዓይን ምንም ነው፤ ጠረጴዛዋ ከሄደች ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመደብሩ በኩል አለፍኩ። ማጉያዋ ግራ ዓይኑ ላይ ናት።

«አባባ፣ ተሳሳትክ እኮ፤ በዚያኛው ነው።»

«ዛሬ የግራው ተራ ነው። ቀኙ ይረፍ።»

ይኼ ለእኔ ግልጽ ነበር። ክፍላችንን የምንጠርገው በተራ ነው፤ ዓይኖችም በተራ ቢሠሩ ምን ይገርማል? አባቴ ከጠረጴዛው ጥግ ወረንጦውን ሲፈልግ ግን እጁን ብቻ አልዘረጋም። አንገቱን አዙሮ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና አዙሮ ነው ያገኘው። ባለመደብሩ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ሳቀ።

«ደቂቃ፣ ዶሮ ሆንክ እንዴ? ጥሬ የምትለቅም ነው የሚመስለው።»

«ዶሮ ብሆን እንቁላል ባተረፍክ» አለ አባቴ፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ባለመደብሩ ግን ቶሎ ነው ሳቁን ያቆመው። አባቴ ወደ ሥራው ጎንበስ ሲል፣ እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ያን ጊዜ አባቴን የሚያደንቀው መስሎኝ ኮራሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። የእናቴን ቀሚስ ልትለካ በመጣች ቁጥር መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ወሬዋ ሁሉ በጥርስ መሀል የሚወጣ ምስጢር ይመስላል። እኔ ከአልጋው ሥር የልብስ ቁልፍ እየለቀምኩ ነበር።

«ሰውዬሽ ትናንት ሰላም ብዬው በጎኔ አለፈ እኮ፤ እዚህ ጋ ሆኜ።»

«ሐሳብ ይዞት ይሆናል።»

«ሐሳብ ነው ከደረጃው ላይ የጣለው? እቴ፣ እኔ የኔን ሰውዬ ቀብሬያለሁ። አካሄዱን አውቀዋለሁ። ጠርሙሱን የት እንደሚደብቀው ፈልጊ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። «ጠይቂው እንጂ።»

«ጠየቅሁት።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለኝ።»

«በቃ። ዝም ያለ ጠጥቷል።»

የተደበቀ ጠርሙስ መፈለግ ደስ የሚል ሥራ ነበር። እናቴ ከማገዶ ማስቀመጫው፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ ስትፈልግ አየኋት። እኔ ግን ቀደምኳት። ከአሮጌ ኮቱ የውስጥ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁና እየሮጥኩ አመጣሁላት። እናቴ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተችው። በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዘይት ነው» አለች። «የጠብመንጃው ዘይት ነው።»

ትክክለኛውን ጠርሙስ ስላላመጣሁላት ያዘነችብኝ መሰለኝ። «እማዬ፣ ሌላም እፈልግልሻለሁ» አልኳት። ጎትታ አቀፈችኝ፤ ልቧ ሲመታ በቀሚሷ በኩል ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው መጠጥ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ለሚጠጣ ሰው ምን እንደሚደረግ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። ዘይት ለያዘ ሰውስ ምን ይደረጋል?

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ልለፈው። ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት በመጨረሻው ዓመት ወደ ቤታችን ስንወጣ በየደረጃው መታጠፊያ ቆም እያለ የጎረቤቶችን አበባ ያይ ነበር። «ይቺ ደግሞ አበበች» ይለኛል። ትንፋሽ አጥሮት የሚያርፍ ሳይሆን አበባ መውደድ የጀመረ መስሎኝ አንድ ማሰሮ አበባ ገዛሁለት። የተማርኩ ነኝ፤ በዚያ ላይ የአባቴ ልጅ ነኝ። ግን ገዛሁለት።

ጠዋት ጠዋት አባቴ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነው የሚያስኬደኝ፤ እጄን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። መንገዱን ሙሉ ጨዋታ ነበረን።

«ዳኛዬ፣ ምን ታይቶሻል?»

«ጋሪ። ከጋሪው ኋላ ውሻ። ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ።»

«ውሻው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ እኛ።»

«ከነገርሽኝ እንግዲህ እናሳልፈው» ይልና ይቆማል። እኔ የማየውን ሁሉ መንገር የሚወድ ልጅ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ መስማት የሚወድ አባት። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግራውን ማንም አይጠብቀውም ነበር። ግራው አንበሳ ነው።

ብስክሌቱ የመጣው በግራው በኩል ነው። ዳቦ አከፋፋዩ ነበር፤ ከኋላው ቅርጫት ሙሉ ዳቦ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደወሉን እያንጫረረ ነው። እኔ ደወሉን ሰማሁ፤ አባቴም ሰምቶ አንገቱን አዞረ፤ ግን ወደ ደወሉ ሲዞር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ። ከዚያ ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን። ዳቦዎቹ እስከ ቦዩ ድረስ ተንከባለሉ።

«ፊት ለፊት እያየኝ ገባብኝ!» ይላል ዳቦ አከፋፋዩ፣ ጉልበቱን ይዞ። «እያየኝ! ሰዎች፣ ምስክር ሁኑኝ!»

«ጠዋት በጠዋት ተጎንጭቶ ነዋ» አለ አንድ ሰው።

«ልጁን ይዞ እንኳን» አለች ሌላዋ።

አባቴ በተሰበረው እጁ መሬቱን ይዳስስ ነበር። «አለሽ? ዳኛዬ፣ አለሽ?» ይላል። ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ትንሽ ወደ ጎን ብቻ ነበርኩ።

ሆስፒታል እናቴ ደረሰች። እጁን የጠገነው ሐኪም፣ አባቴ «ብስክሌቱን አላየሁትም» ሲለው፣ ትኩር ብሎ አየውና ወደ ሌላ ክፍል ላከን። እዚያ ነጭ ጸጉር ያለው ዶክተር አባቴን ፊት ለፊቱ አስቀመጠ። ቀኝ ዓይኑን በካርቶን ሸፈነለት።

«አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ» አለው። «ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ።»

ጣቱን ከአባቴ ጆሮ ኋላ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ፊት አመጣው። ጨዋታ ነበር፤ እኔ ደግሞ በጨዋታ ጎበዝ ነኝ። ጣቱ ከጆሮው ጋር እኩል ሆነ። አባቴ ዝም አለ። ጉንጩን አለፈ። ዝም አለ። በቅንድቤ ምልክት ሰጠሁት፤ አላየኝም። «አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው» ስል እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ጣቱ ከዶክተሩ አፍንጫ ጋር ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው አባቴ «አሁን!» አለ፤ ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር።

ዶክተሩ ጣቱን አጠፈ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀኙ ነው የታመመው» አለ አባቴ። «ግራው ደህና ነው። ፈትኜዋለሁ።»

«በምን ፈተኑት?»

አባቴ አቀረቀረ። አፍሮ እንደሆነ አልገባኝም፤ ስለዚህ እኔ መለስኩለት። «በጠብመንጃ። መሀሉን ነው የሚመታው። እኔ ነኝ ዳኛው።»

ዶክተሩ እኔን አየ፤ ቀጥሎ እናቴን። «መሀሉን እንደሚመታ አልጠራጠርም» አለ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። «ይኼ በሽታ ከዳር ነው የሚጀምረው። መሀሉ መጨረሻ ነው የሚሄደው። ሁለቱንም ዓይን ነው የያዘው። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ በጠብታ እናቆየው ነበር።»

«አሁንስ?» አለች እናቴ።

«አሁን መሀሉ ብቻ ነው የቀረው። እሱም ብዙ የሚቆይ አይደለም።»

በእኔ ዳኝነት ከመሀል የሚበልጥ ነገር የለም። ዳር ዳሩ ቢቀር ምን ይቀርብናል? የአባቴን ጉልበት መታ መታ አድርጌ «አይዞህ፣ መሀሉ አለ» አልኩት።

የበሽታው ስም ግላኮማ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አውጥቼ አነበብኩት። ሁሉም ነገር እዚያ አለ፤ የተደፋው ሻይ፣ የበሩ መቃን፣ ዶሮው። አነጣጥሮ መተኮስ የሚፈልገው መሀሉን ብቻ ነው። አባቴ ዓይኑን ሊፈትን ከዓለም ላይ የመረጠው መሣሪያ፣ ያንን በሽታ ጨርሶ ሊያሳየው የማይችለው ነበር። በመታ ቁጥር ተጽናና፤ በተጽናና ቁጥር ወደ ሐኪም አልሄደም።

ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። እናቴ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«እና አልጠጣህም» አለችው።

«አልጠጣሁም።»

«ጠጥተሃል ስልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

አባቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አየ። «ሰካራም ሰዓት ሠሪ ጠዋት ይነቃል» አለ። «ባለመደብሩም ይቆጣዋል እንጂ ይጠብቀዋል። ዕውር ሰዓት ሠሪን ማን ይጠብቃል?»

እናቴ ራሷን ትከሻው ላይ አደረገች። ከዚያ በፊት ሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ።

ባለመደብሩ ሊጠይቅ ቤታችን መጣ። ብርቱካን ይዞ ነበር። «ወንበርህ የትም አይሄድም፣ ደቂቃ» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ያመነው ይመስለኛል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመደብሩ በኩል ሳልፍ ግን ከመስታወቱ ኋላ የማላውቀው ጀርባ ጎንበስ ብሎ አየሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም። «ምን ታይቶሻል?» ብሎ መጠየቅ ትቶ ነበር።

የአጥንቱ ፋሻ ከተፈታ በኋላ አንድ ጠዋት ጓሮ ወጣ። በአንድ እጁ ግድግዳውን እየነካ ነው የመጣው። ጠብመንጃውን አፈሙዙን አጥፎ ሳበው፤ ያ ወፍራም የሞላ ድምፅ ተሰማ። ጥይት ሳይጨምር መለሰው። ግራ ትከሻው ላይ አደረገና አነጣጠረ። ረጅም ጊዜ። እኔ እንደ ልማዴ ከጎኑ ቆሜያለሁ።

«ዳኛዬ፣ ክዳኑን ሰቅለሻል?»

ክዳኑ ፊት ለፊቱ ነበር፤ ነፋስ እያወዛወዘው ያብረቀርቃል።

«ተሰቅሏል፣ አባባ። ፊት ለፊትህ ነው።»

«እሺ» አለ።

ጠብመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደውና ገንዳውን አስደግፎ አቆመው። እጁን ዘርግቶ በሩን ፈለገ፤ አገኘውና ገባ።

ተስቦ እንደቆመ ነበር። ሕጉን አውቃለሁ፤ ተስቦ አያድርም። ግን እሱ ሳያዘኝ ነክቼው አላውቅም። ረስቶት ነው እንጂ አይተወውም ብዬ አሰብኩ፤ ተመልሶ ይመጣል፤ ወይም ተራውን ለእኔ ትቶልኝ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ዝናብ ሲጀምር እናቴ መጥታ ጠብመንጃውን አስገባችው፤ እኔንም አስገባችኝ። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የዝናቡን ድምፅ ይሰማ ነበር። «ረስተኸዋል እኮ፣ ተስቧል» አልኩት።

«አልረሳሁትም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ምናምን ዓመት ኖረ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሰዓት አስጠግቶ ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ግን የምትጠመዝዘው እናቴ ሆነች። ሰዎች ሊያጽናኑት ሲመጡ በትሕትና ያዳምጣቸዋል። የጎደለውን ነገር በሌላ ነገር ተካው ብዬ መጻፍ በቻልኩ ደስ ባለኝ። አልተካውም።

ሲሞት ጠብመንጃው ወደ እኔ መጣ። በተጋባን ሰሞን ባለቤቴ ከቁምሳጥኑ ሥር አግኝቶት ነበር። ዕቃ መፍታትና መግጠም ይወድ ነበርና «ይኼ ተስቦ እንደቆመ ነው፤ ልልቀቀው?» አለኝ። ተወው አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር። በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቦታው መለሰው።

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን ልብሶች ሳወጣ የጠረገበት ጨርቅ አብሮ መጣ፤ በአባቴ ኮት የተጠቀለለው ጠብመንጃም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩና አፈሙዙን ወደ ወለሉ ዘቅዝቄ ቃታውን ሳብኩ። «እፍ» አለ።

ከኮቱ ውስጥ የጣሳው ክዳንም ነበር፤ አባቴ ይሁን እናቴ ማን እንደጠቀለለው አላውቅም። ወደ መስኮቱ አቅርቤ አየሁት። ዙሪያው ደህና ነው። ዝገት ነካ ነካ አድርጎታል እንጂ ሽቦ ያሰርኩባት ቀዳዳ ሳትቀር አለች። ክቡ አለ፤ ጠርዙ አለ።

መሀሉ የለም።